የድሮ ፎቶ ላይ ያለችው መኪና ምንድን ናት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በግድግዳና በአልበም ላይ ስላሉ የድሮ መኪኖች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከሰሜን ሸዋ የመጡት በርከት ስላሉ ይህን ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስይዝ። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በፈረንጅ ዘመን ነው፤ ስለዚህ መኪና መቼ ተሠራች ስንል ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ዘመን ስንጽፍ «ዓ.ም.» እንላለን። ሁለተኛ፣ መኪና የፎቶን ዕድሜ የምትገድበው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ፎቶው መኪናዋ ከመሠራቷ በፊት አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ግን በዓመቱም በሠላሳ ዓመቱም ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ እኛ አገር መኪና ተጠግና ተጠግና ነው የምትኖረው። «መኪናዋ የ1958 ናት፤ ፎቶውም የዚያ ዓመት ነው» የሚለው ስሌት ብዙ ቤተሰብ አከራክሯል።

ከደብረ ብርሃን፦ *አያታችን አንዲት ቮልስ ጀርባ ቆመው የተነሡት ፎቶ አለን። ከኋላው «ጥር 1952» ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ «በፈረንጅ ነው» ይላል፤ እኔ በእኛው ነው እላለሁ። የመኪናዋ የኋላ መስታወት ሰፋ ያለ ነው። በበሩና በጎን መስኮቱ መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ደግሞ ጠባብ ቀጥ ያለ ክዳን ነገር ይታያል። ማን ልክ ነው?*

ልክ እርስዎ ነዎት፤ ማስረጃውንም ራስዎ ጽፈውታል። የቮልስ የኋላ መስታወት ዘመን መለያ ነው። እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ በመሃሉ ብረት የሚያልፍበት፣ ሁለት ትንንሽ መስታወት ነበር። ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ አንድ ወጥ ሆኖ የእንቁላል ቅርጽ ያዘ። ከነሐሴ 1957 ጀምሮ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ሰፊ መስታወት ተገጠመለት። እርስዎ «ሰፋ ያለ» ያሉት ይህን ከሆነ መኪናዋ በፈረንጆቹ ጥር 1952 ገና አልተሠራችም።

ምሰሶው ላይ ያዩት ክዳን የድሮው ፍሬቻ ቤት ነው። ሹፌሩ ማብሪያውን ሲነካ ከምሰሶው ውስጥ መብራት ያላት ትንሽ ክንድ ብድግ ትላለች፤ ሲመልሰው ትተኛለች። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች እስከ 1960 አጋማሽ ይህን ይዘው ቆይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፍሬቻው የፊት ፓራፋንጎ አናት ላይ ወጣ። ለአሜሪካ የተላኩት ግን ክንዱን የተዉት ቀደም ብለው፣ በ1955 ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለችው ቮልስ ከ1957 ነሐሴ እስከ 1960 አጋማሽ ባለው ጊዜ የተሠራች ናት። ጥር 1952 ዓ.ም. በፈረንጅ ከጥር እስከ የካቲት 1960 ላይ ይውላል። መኪናዋና ጽሑፉ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ሌሎች አንባቢያን እንዲያሰሉት፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ቀን 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ይደምሩ። ወንድምዎ ደግሞ «መስታወቱ ተቆርጦ ቢሆንስ?» ካሉ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ባለ ሁለቱን መስታወት የመሃል ብረቱን ቆርጠው አንድ የሚያደርጉ ባለ መኪኖች ነበሩ። ነገር ግን መሃሉ ቢከፈትም የዙሪያው ቀዳዳ ያው ትንሽ ነው። የ1957ቱ ወደ ጎንም ወደ ላይም የሰፋ ነው፤ ጣሪያውና የሞተር ክዳኑ መካከል ያለውን ቦታ አብዛኛውን ይይዛል።

ፎቶው ከፊት የተነሣ ብቻ ከሆነ መብራቱን ይመልከቱ። እስከ 1967 አጋማሽ የመብራቱ መስታወት የፓራፋንጎውን ቁልቁለት ተከትሎ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፓራውልቱም ወፍራምና ደልዳላ ሆነ።

ከደብረ ሲና፦ *ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ፎቶ አለን። ኮፈን የለውም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ የእንግሊዝ ነው የሚሉ አሉ። ታርጋው አይነበብም።*

መሪው በቀኝ መሆኑ እንግሊዛዊ አያደርገውም። የጣሊያን ከባድ የጭነት መኪኖች ጣሊያን ራሷ ቀኝ ይዛ እየነዳች ለአሥርት ዓመታት መሪያቸው በቀኝ ነበር። የሚሰጠው ምክንያት ለጣርማ በር ሰው ግልጽ ነው፦ ገደል አፋፍ ላይ ሹፌሩ የመንገዱን ጠርዝ በዓይኑ እያየ እንዲሄድ። ላንቺያ ደግሞ የቤት መኪኖቹን ጭምር እስከ 1950ዎቹ መሪያቸውን በቀኝ አድርጎ ይሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ገደብ ዋሻው ራሱ ነው። የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለሆነ ፎቶው ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን በመንገዱ የተመላለሱት ታዋቂዎቹ ከባድ መኪኖች፣ ፊያት 634 ኤን እና ላንቺያ ሮ፣ ረጅም ኮፈን ያላቸው ናቸው። እርስዎ ኮፈን የለውም ስላሉ ከእነዚህ ወጣን። ኮፈን ከሌላቸው ፊያቶች የታወቁት ሁለት ትውልድ ናቸው፦ 626 እና 666፣ ሁለቱም ከ1939 ጀምሮ፤ ከዚያም ከ1952 የጀመረው 682። ይህ የመጨረሻው ሹፌሮቻችን «ኤንትሬ» እያሉ በቁጥሩ የሚጠሩት የኤን 3 ቤተሰብ ነው።

ለመለየት ፊቱን ይዩ። በ626 እና 666 ላይ ፍርግርጉ የ1930ዎቹን የፊያት ፊት ተከትሎ ቁመታም ነው። በ682 ላይ ጋቢናው ሰፊና ማዕዘኑ የተድበለበለ ነው፤ በብዙዎቹም ላይ ከአርማው ግራና ቀኝ እንደ ጢም የተዘረጋ የሚያብረቀርቅ ጌጥ አለ። መኪናው 682 ከሆነ ፎቶው ከ1944 ዓ.ም. በፊት አይደለም። ፊቱ ተሸፍኖ ከሆነ ግምት ውስጥ አይግቡ፤ ይልቅ የጋቢናውን በርና ስፖንዳውን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። የጭነት መኪና በር ላይ የባለቤቱ ወይም የማኅበሩ ስም፣ የተፈቀደለት ጭነትና የራሱ ክብደት ይጻፍ ነበር። የጭነቱ መጠን ብቻ እንኳ 626ን፣ ማለትም ሦስት ቶን አካባቢ የሚጭነውን፣ ከ682 ይለያል።

ከሸዋ ሮቢት፦ *የከተማችን ዋና መንገድ የተነሣበት ፎቶ ላይ መኪኖቹ ሁሉ ግራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ነው?*

ላይሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግራ ይዞ መሄድ ሕጉ ነበር። ከመገመት በፊት ግን መገልበጡን ያጣሩ፦ የሱቅ ጽሑፍ ወይም ታርጋ ካለ ይነበባል ወይ? የወንዶች ኮት የሚቆለፈው በግራው በኩል ያለው ጨርቅ ከላይ ሆኖ ነው፤ በፎቶው ላይ የቀኙ ከላይ ከሆነ ነጋቲፉ ተገልብጦ ታትሟል። ካልተገለበጠ በእጅዎ ያለው ከሰኔ 1956 ዓ.ም. በፊት የተነሣ ፎቶ ነው፤ የትኛውም የመኪና ሞዴል «ከዚህ በኋላ አይደለም» ብሎ አይነግርዎትምና ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ የቆመ መኪና አይቆጠርም፤ ሰው በየትኛውም በኩል ያቆማል። የሚሄዱት ከሁለት በላይ ቢሆኑ ይመረጣል።

ከመሐል ሜዳ፦ *አባታችን ወረዳ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ከላንድሮቨር ጋር የተነሡት ፎቶ ነው። መብራቶቹ ፍርግርጉ አጠገብ፣ መሃል ላይ ናቸው። አጭሩ ይሁን ረጅሙ ላንድሮቨር አላወቅንም። ዘመኑን ልታወጡልን ትችላላችሁ?*

ላንድሮቨር ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን ከብዙ መኪና ይልቅ ዘመኑን ይናገራል። ከመብራቱ ይጀምሩ። በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ላንድሮቨር መብራቱ ከሽቦ ፍርግርጉ *ጀርባ* ነበር፤ መብራቱን በወንፊት ውስጥ የሚያዩት ያህል ነው። ከ1950 ወዲህ መብራቱ ፍርግርጉን ቀዶ ብቅ አለ። መሃል ላይ እንዳለ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ቆየና በ1968 እና 1969 ወደ ፓራፋንጎዎቹ ፊት ተዛወረ። የእናንተ መሃል ላይ ስለሆነ የተሠራበት ዘመን ከ1948 እስከ 1969 ባለው ውስጥ ነው።

ይህን ሃያ ዓመት ለማጥበብ ጎኑን ይዩ። እስከ 1958 ድረስ፣ በሲሪየስ አንድ (በመጀመሪያው ትውልድ)፣ የጎኑ ቆርቆሮ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፤ ከበሩ በታችም ሻሲው ገሃድ ይታያል። ከሚያዝያ 1958 ጀምሮ፣ በሲሪየስ ሁለት፣ ከበሩ መያዣ ከፍ ብሎ ጎኑ ወደ ውጭ ጎበጥ ይልና ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ትከሻ ይሠራል፤ ከበሩ በታች ደግሞ ሻሲውን የሚሸፍን ቆርቆሮ ተጨምሯል። ፀሐይ ከላይ ስትሆን ትከሻው ሥር ቀጭን ጥላ ይጥላል። ፎቶው ደብዝዞ ቅርጹ ባይታይ እንኳ ያ የጥላ መስመር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መስመሩ ካለ 1958 እስከ 1969፣ ከሌለ 1948 እስከ 1958 ነው።

በሩ ተከፍቶ ዳሽቦርዱ ከታየ ሌላ ማጣሪያ አላችሁ። እስከ ሲሪየስ ሁለት ኤ ድረስ የፍጥነትና የነዳጅ ሰዓቶቹ በመሃል፣ በሹፌሩና በጋቢና ተሳፋሪው መካከል ነበሩ። በ1971 የመጣው ሲሪየስ ሦስት በሹፌሩ ፊት አደረጋቸው፤ የብረት ፍርግርጉንም በፕላስቲክ ተካው።

አጭርና ረጅሙን መለካት ይቻላል። አጭሩ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 88 ኢንች፣ ማለትም 223 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ረጅሙ 109 ኢንች፣ 277 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከሲሪየስ ሁለት በፊት 80፣ 86 እና 107 ኢንችም ነበሩ። በማስመሪያ ከጎማ እንብርት እስከ ጎማ እንብርት በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ የአንዱን ጎማ ሙሉ ከፍታ ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። አጭሩ በተለመደው 6.00 በ16 ጎማ 3.1 አካባቢ፣ ረጅሙ በ7.50 በ16 ጎማ 3.4 አካባቢ ይሰጣል። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ልኬቱ የሚሠራው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ከጎን ከተነሣች ብቻ ነው፤ ጎማው በፎቶው ላይ ክብ ካልሆነና እንደ እንቁላል ከተጨመቀ ማስመሪያውን ያስቀምጡት። እንዲያውም አጭሩ ላይ ትልቁ ጎማ ከተገጠመ ቁጥሩ ወደ 2.8 ይወርዳል፤ ከ3 በታች ካገኙ ያለ ጥርጥር አጭሩ ነው።

የሚያሳስተው የላንድሮቨር ጥሩ ጠባዩ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ፓራፋንጎውም ፍርግርጉም በብሎን የታሰረ ስለሆነ ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ ይቀያየራል። የ1962 መኪና የ1970 ፓራፋንጎ ለብሳ መንገድ ላይ ብትታይ አይደንቅም። ስለዚህ መብራቱና ጎኑ ከተጣሉ እኛ ጎኑን እናምናለን፤ የፊት ፓራፋንጎ ተጋጭቶ ይለወጣል፣ መላ ጎን ግን እምብዛም አይለወጥም።

ከእነዋሪ፦ *ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። መኪናዋ ቀይ ነበረች የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ጥቁር ሆና ነው የምናያት።*

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ድሮ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ቀለም አያይም፤ ቀይ ነገር በእሱ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ሰማያዊው ደግሞ ይነጣል። ፍንጭ ከፈለጉ ሌላ ቀይ ነገር ይፈልጉ፦ ባንዲራ ካለ ታችኛው ቀይ መደብ ከአረንጓዴው እጅግ ጠቁሮ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሆነ ፊልሙ ቀይ አያይም ማለት ነው፤ የመኪናዋም ጥቁረት ምስክር አይሆንም። ቀለምን ከጥቁርና ነጭ ፎቶ አንበይንም። በኮምፒዩተር ቀለም የሚያለብሱ መተግበሪያዎችም ይገምታሉ እንጂ አያውቁም።

ከፍቼ፦ *ፊያት 124 እና ላዳን እንዴት እንለይ? ታክሲ ሆና የቆመች ናት፤ ፊቷ በሰው ተሸፍኗል።*

የበሩን እጀታ ይዩ። ፊያት 124 (ከ1966) እጀታው ከበሩ ወጣ ብሎ የሚታይ፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት ነው። በእሱ መሠረት ሩሲያ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ የተሠራችው ላዳ እጀታዋ ወደ በሩ ቆርቆሮ ገብቶ የተቀበረ ነው። ፓራውልቱ ላይ ደግሞ ላዳዋ ሁለት ቋሚ ጥርሶች አሏት፤ ከመሬትም ከፍ ብላ ትቆማለች። ላዳ መሆኗ በእጀታዋ ከታወቀ፣ የፊት መብራቷ አራት ክብ ከሆነ ከ1972 ወዲህ የመጣችው ዓይነት ናት፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ከ1979 ወዲህ።

እጀታን ካነሣን፣ የሰይቼንቶም ዘመን የሚወጣው ከእሱ ነው። ፊያት 600 ከ1955 እስከ 1964 በሩ የሚከፈተው ወደ ኋላ ስለነበር እጀታው በበሩ የፊት ጠርዝ ላይ ነው። ከ1964 ወዲህ ማጠፊያው ወደ ፊት ሄደ፤ እጀታው ወደ ኋላ ጠርዝ መጣ። በሩ ተዘግቶም ቢሆን ይህ ይታያል።

ከአንኮበር፦ *ፎቶው በመስታወት ፍሬም ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖረ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። አውጥተን ስካን ልናደርገው ፈልገን ነበር።*

አያውጡት። የተጣበቀው የፎቶው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ጄላቲን ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይለጠፋል፤ ሲጎትቱት ምስሉ መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ይዘው ይቀራሉ። በውኃ ማርጠብም፣ በእንፋሎት ማሞቅም ያው ነው። ከነመስታወቱ ይገልበጥ።

የእንጨት ፍሬሙንና የጀርባ ካርቶኑን ብቻ ያውጡ። ካርቶኑም ከተጣበቀ ይተዉት። የመስታወቱን ውጭ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ውኃ ጠርዝ ለጠርዝ ሰርጎ ይገባል። ስካነር ካለ መስታወቱን በፊቱ ያስተኙትና በ600 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም *በቀለም* ያንሡት፤ የወየበ ፎቶ ውስጥ የተደበቀ ዝርዝር ከሦስቱ ቀለሞች በአንዱ ላይ የተሻለ ይወጣል። የተለመደው 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በዚህ ልክ ወደ 1,400 በ2,100 ነጥብ ይሆናል። መኪናዋ የፎቶውን ርዝመት ግማሽ ከያዘች 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፊት መብራት 47 ነጥብ ገደማ ያገኛል፤ ይህ ቅርጹን ለመለየት ይበቃል። በ300 ግን ግማሹ ስለሚቀር መብራትና አርማ ይዋሃዳሉ። ነጋቲፉ ካለ 2,400 ያድርጉት።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል፤ ብልጭታውን ያጥፉ። ከቤት ውጭ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና ከላይ ቀጥ ብለው ያንሡ። የራስዎ ነጸብራቅ ከገባ ጥቁር ጋቢ ወይም ካርቶን መሃሉን ቀደው ስልኩን በቀዳዳው ያውጡ። ዲጂታል ማጉያውን አይጠቀሙ፤ ስልኩን ያቅርቡ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ መኪናዋን ብቻ፣ ከዚያ መብራቱን፣ እጀታውን፣ ቸርኬውንና ታርጋውን ለየብቻ። በቴሌግራም ሲልኩልን «በፎቶ» ሳይሆን «በፋይል» ይላኩ፤ በፎቶ የተላከው በመንገድ ላይ ስለሚጨመቅ ያነሣችሁት ዝርዝር አይደርሰንም። የጀርባውንም ጽሑፍ፣ ባይነበብም፣ አብረው ያንሡት፤ የማተሚያ ቤቱ ማኅተምና የወረቀቱ ዓይነት መኪናዋ የማትናገረውን ይናገራሉ።